ኮዲንግን በዕቅድ መማር፦ ለጀማሪ የ12 ሳምንት ዝርዝር መመሪያ

ኮዲንግ መማር ጀምረው ያቋረጡ ሰዎች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት የጊዜ እጥረትን ወይም የትምህርቱን ክብደት ነው። ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ከሁለቱም የሚቀድም ችግር አለ፤ ይኸውም ተማሪው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ዛሬ ምን እንደሚሠራ አለማወቁ ነው። አንድ ቪዲዮ ያያል፣ ሌላ ኮርስ ይከፍታል፣ የትኛው ቋንቋ እንደሚሻል የሚከራከሩ ሰዎችን ሲያነብ ይቆያል፣ ሰዓቱም በዚያው ያልቃል። ጥቂት ሳምንታት በዚህ መልክ ካለፉ በኋላ «ይህን ሠራሁ» ብሎ የሚያሳየው ነገር ስለማይኖር ፍላጎቱ ቢቀዘቅዝ አያስደንቅም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ዕቅድና ተነሣሽነት እንደ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አይታዩም፤ ዕቅዱ በየጥቂት ቀኑ የሚታይ ውጤት እንዲያስገኝ ሆኖ ከተዘጋጀ ተነሣሽነቱን የሚያቆየው እሱው ራሱ ነው።

መመሪያው የተዘጋጀው ምንም የፕሮግራሚንግ ልምድ ለሌለው፣ ነገር ግን በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 1 ሰዓት ያህል ማግኘት ለሚችል ሰው ነው። ይህ በ12 ሳምንት 60 ሰዓት ይሆናል። 60 ሰዓት ሥራ ለመቀጠር አይበቃም፤ ይበቃል የሚል ማስታወቂያ ካጋጠመዎት በጥርጣሬ ይመልከቱት። ከባዶ ፋይል ተነሥቶ አንድ ትንሽ፣ ግን በእርግጥ የሚያገለግል ፕሮግራም በራስ እጅ ለመጨረስ ግን ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ዓላማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ

«ፕሮግራመር መሆን እፈልጋለሁ» የሚለው ምኞት ነው፤ ነገ ጠዋት ምን እንደሚሠራ አይናገርም። በምትኩ በ12ኛው ሳምንት መጨረሻ ምን ሠርተው ማየት እንደሚፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ ፕሮግራሙ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚያወጣ መግለጽ አለበት። ለምሳሌ፦ «ዛሬ ስንት ደቂቃ እንዳጠናሁና ምን እንደሠራሁ የሚጠይቀኝ፣ መልሴን የሚያስቀምጥ፣ በሳምንቱ መጨረሻም ድምሩን የሚያሳየኝ ፕሮግራም።» ይህን ምሳሌ በመመሪያው ሁሉ እንከተለዋለን፤ የተመረጠበትም ምክንያት አለ። ፕሮግራሙ ትንሽ ነው፣ ለመሠራት የሚያስፈልገው እውቀት ጀማሪ ሊማረው የሚገባው መሠረታዊ ነገር በሙሉ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተማሪው ራሱ በየቀኑ የሚጠቀምበት ነው። የራስዎ የተሻለ ሐሳብ ካለዎት ይውሰዱት፤ ነገር ግን የጨዋታ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ወይም የገበያ መተግበሪያ ዓይነት ትልቅ ነገር ለዚህ ዙር አይምረጡ።

ደረጃ 2፦ አንድ ቋንቋ መምረጥና እስከ መጨረሻው አለመቀየር

ፍላጎትዎ በዋናነት ድረ ገጽ መሥራት ከሆነ በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ (የገጹን ይዘትና መልክ መግለጫዎች) ጀምረው ወደ ጃቫስክሪፕት ይለፉ። ጃቫስክሪፕት በ1995 (በዚህ መመሪያ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብሬንደን አይክ ኔትስኬፕ ለተባለው ብራውዘር (የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) የሠራው ቋንቋ ሲሆን ዛሬም ብራውዘሮች ሁሉ የሚያስኬዱት ነው። ከዚህ ውጭ ያለ ፍላጎት ላለው፣ ማለትም ዳታ ለመተንተን፣ ተደጋጋሚ የቢሮ ሥራን በፕሮግራም ለማሠራት፣ ወይም ወዴት እንደሚያዘነብል ገና ላልወሰነ ሰው ፓይተን ይሻላል። ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 ለሕዝብ ያወጣው ይህ ቋንቋ ለንባብ ቀላል ነው፤ ጀማሪውን በሥርዓተ ነጥብ ብዛት አያደክመውም። በዚህ መመሪያ ያሉት ምሳሌዎች በፓይተን ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

የቋንቋ ክርክር፣ በእኔ ግምት፣ ሥራ መጀመርን የማዘግያ የተከበረ ዘዴ ነው። ቫሪያብል (መረጃ የሚቀመጥበት ስም)፣ ሁኔታን መፈተሽ፣ ሉፕ (ትእዛዝን መደጋገም)፣ ፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት ሲጠራ የሚሠራ የኮድ ክፍል)፣ ሊስት (የመረጃዎች ዝርዝር) የሚባሉት ነገሮች በሁለቱም ቋንቋዎች አሉ፤ በአንዱ በሚገባ የተረዳቸው ሰው በሌላው ሲያገኛቸው የሚለወጥበት አጻጻፉ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ይምረጡና 12ቱ ሳምንታት እስኪያልቁ ሌላውን አይክፈቱ።

ፓይተንን ለመረጡ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ፓይተን 2 የተባለው አሮጌ ቅጂ ከጥር 2020 መግቢያ ጀምሮ ድጋፍ የለውም፤ በእሱ ላይ የተጻፉ ትምህርቶች ግን አሁንም በየቦታው ይገኛሉ። መለያቸው ቀላል ነው፦ «ፕሪንት» ከሚለው ትእዛዝ በኋላ ቅንፍ ከሌለ ትምህርቱ ያረጀ ስለሆነ ይተዉት።

ደረጃ 3፦ መሣሪያውን በአንድ ቁጭታ ማዘጋጀት

ፓይተንን ከራሱ ኦፊሴላዊ ድረ ገጽ ያውርዱ። በዊንዶውስ ላይ ሲጭኑ «ፓዝ» (ኮምፒውተሩ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ላይ ልጨምር ወይ የሚል ሳጥን ካዩ ምልክት ያድርጉበት፤ አለበለዚያ በኋላ ተርሚናሉ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ፓይተንን አላውቅም ሊልዎት ይችላል። ለመጻፊያነት ቪኤስ ኮድ በነጻ ይገኛል፤ ኮምፒውተርዎ አቅሙ ደካማ ከሆነ ደግሞ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው አይድል ለእነዚህ ሳምንታት ከበቂ በላይ ነው። አንድ ፎልደር ይክፈቱ፣ በውስጡ አንድ ፋይል ይፍጠሩ፣ ስምዎን የሚያትም አንድ መስመር ጽፈው ያስኪዱ። ከሠራ ዝግጅቱ አብቅቷል። የመጻፊያውን ቀለም መቀያየርና ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ መገልገያ) መሰብሰብ ሥራ የሠሩ ያስመስላል እንጂ አንድ መስመር ኮድ አይጨምርም።

ደረጃ 4፦ አንድ ኮርስ፣ አንድ ማጣቀሻ

በነጻ የሚገኙ ጥሩ ትምህርቶች ብዙ ናቸው፤ አስቸጋሪውም ብዛታቸው ነው። በ2014 የተመሠረተው ፍሪኮድካምፕ ልምምዱን በብራውዘር ውስጥ እየሠሩ እንዲሄዱ ያደርጋል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ሲኤስ50 ጥልቀት ያለው ኮርስ ነው፤ ነገር ግን ስክራች ከተባለው ብሎኮችን የመገጣጠም የጀማሪ ቋንቋ ተነሥቶ በሲ ቋንቋ ካለፈ በኋላ ነው ወደ ፓይተን የሚደርሰው፤ ስለዚህ በቀን 1 ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ይከብዳል። በፓይተን ብቻ የተዘጋጀው እኅት ኮርስ ለዚህ ዕቅድ ይበልጥ ይስማማል። ለማጣቀሻነት ፓይተን ራሱ ያዘጋጀው ሰነድ አለ፤ ድረ ገጽ ለሚማሩ ደግሞ ኤምዲኤን የተባለው የማጣቀሻ ድረ ገጽ። የሁለት ወይም የሦስት ኮርሶችን የመጀመሪያ ክፍል ይሞክሩ፣ የአስተማሪው አነጋገር የሚገባዎትን ይምረጡ፣ የቀሩትን ይዝጉ።

ደረጃ 5፦ ሥራውን በሳምንታት ማከፋፈል

ሳምንት 1 እና 2 ለቫሪያብል፣ ለቁጥርና ለጽሑፍ ልዩነት፣ ከተጠቃሚ መልስ ለመቀበልና ለማተም ይውላሉ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት የጥናት መዝገቡን መጀመር ይቻላል፦ ፕሮግራሙ ጠዋት ያጠኑትን ደቂቃ ይጠይቃል፣ ማታ ያጠኑትን ይጠይቃል፣ ደምሮ ያሳያል። እዚህ ላይ ሁሉም ጀማሪ የሚያገኘው ነገር ይከሰታል። ጠዋት 25፣ ማታ 30 ብለው ሲያስገቡ ፕሮግራሙ 55 በማለት ፈንታ 2530 ይላል። ምክንያቱም «ኢንፑት» የተባለው ፈንክሽን ከኪቦርድ የመጣውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ነው የሚመልሰው፤ ሁለት ጽሑፎች ሲደመሩ ደግሞ አንዱ ከሌላው ጋር ይያያዛል። መልሱን «ኢንት» በሚባለው ፈንክሽን ወደ ሙሉ ቁጥር ሲቀይሩት ድምሩ ይስተካከላል። ይህችን ትንሽ ስሕተት በገዛ እጁ አግኝቶ ያረመ ሰው የዳታ ዓይነት ምን ማለት እንደሆነ ሁለተኛ አይረሳውም።

ጊዜውን በሰዓት ሳይሆን በደቂቃ መመዝገቡም በአጋጣሚ አይደለም። ፓይተንን 0.1 እና 0.2 ደምር ቢሉት 0.30000000000000004 ብሎ ይመልሳል፤ ኮምፒውተሩ ቁጥሮችን በሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ) ስለሚያስቀምጥ አንዳንድ የአሥርዮሽ ክፍልፋዮችን በትክክል መያዝ አይችልም። ሙሉ ቁጥር በሚበቃበት ቦታ ሙሉ ቁጥር መጠቀም ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ሳምንት 3 እና 4 ለ«ከሆነ» እና «ካልሆነ» ውሳኔዎችና ለሉፕ ናቸው። መዝገቡ አሁን ከዜሮ በታች የሆነ ደቂቃ አልቀበልም ማለትን ይማራል፤ ትክክለኛ መልስ እስኪያገኝም ደጋግሞ ይጠይቃል።

ሳምንት 5 እና 6 ሊስትን፣ ዲክሽነሪን (እያንዳንዱ መረጃ በስም የሚጠራበት ስብስብ) እና ፈንክሽንን ይይዛሉ። ከ12ቱ ሳምንታት በጣም የሚከብዱት እነዚህ ናቸው። እስካሁን ኮዱ ከላይ ወደ ታች ይነበብ ነበር፤ ፈንክሽን ሲመጣ ግን አፈጻጸሙ ወዲያና ወዲህ ይዘላል፣ አንድ ስም በአንድ ቦታ ታውቆ በሌላ ቦታ አይታወቅም፣ «ማተም» እና «መመለስ» የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ግራ ያጋባል። የሊስት ቆጠራም ከ0 ስለሚጀምር የሳምንቱ 7 ቀናት የተቀመጡበት ሊስት የመጨረሻ ቁጥሩ 6 ነው፤ 7ኛውን በ7 ቁጥር የጠራ ሰው ስሕተት ይመጣበታል። ለእነዚህ ሁለት ሳምንታት አዲስ ትምህርት ከመጨመር ይልቅ የተጻፈውን ኮድ መልሶ በፈንክሽን መከፋፈል ይበልጣል፦ አንዱ ፈንክሽን ይጠይቅ፣ አንዱ ይደምር፣ አንዱ ያሳይ። ሁለት ሳምንት ካልበቃ ሦስተኛ ሳምንት ይስጡት፤ ዕቅዱ በዚህ ቦታ ቢለጠጥ ጉዳት የለውም።

ሳምንት 7 እና 8 ፋይል ላይ መጻፍንና ከፋይል ማንበብን ይሸፍናሉ። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት የትናንቱን ያስታውሳል፤ መጫወቻ የነበረው ነገር እውነተኛ መሣሪያ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

በሳምንት 9 ጊትን ይማሩ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 ለሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ሥራ የፈጠረው ይህ መሣሪያ የኮዱን ታሪክ ደረጃ በደረጃ ይመዘግባል። ለጊዜው የሚያስፈልጉት ትእዛዞች ጥቂት ናቸው፦ ማስጀመር፣ ለውጥን መምረጥ፣ በአጭር መግለጫ ማስቀመጥ፣ ታሪኩን ማየት። ከዚያ ኮዱን ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጡት።

የቀሩት 3 ሳምንታት ፕሮጀክቱን ለመጨረስ ናቸው፤ የሳምንቱን ድምር ማሳየት፣ በየትኛው ርእስ ላይ ብዙ ጊዜ እንደዋለ መለየት፣ የተሳሳተ መረጃ ሲገባ ፕሮግራሙ እንዳይቋረጥ ማድረግ። በእነዚህ ሳምንታት ኮርሱን ይዝጉት፤ የሚከፈተው ማጣቀሻው ብቻ ይሁን።

ደረጃ 6፦ አንዷን ሰዓት መጠቀም

የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ባዶ ፋይል ከፍተው፣ ምንም ሳያዩ፣ ትናንት የተማሩትን ከትዝታ ለመጻፍ ይጠቀሙባቸው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ተማሪዎች ይልቅ ያነበቡትን ከትዝታ ለማውጣት የተፈተኑት ከሳምንት በኋላ የበለጠ ያስታውሱ ነበር። በዚያው ጥናት ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲለካ ግን ደጋግመው ያነበቡት ይበልጡ ነበር፤ ቪዲዮ ያየ ሰው ገብቶኛል ብሎ የሚታለልበትን መንገድ ይህ ደህና አድርጎ ያሳያል። ቀጥሎ 20 ደቂቃ ለአዲስ ትምህርት ይስጡ፣ ከዚያ 25 ደቂቃ ያን ትምህርት በራስዎ ፕሮጀክት ውስጥ ለማስገባት ይሞክሩ። ኮዱን ቀድቶ ከመለጠፍ ይልቅ በጣትዎ ይተይቡት፤ ከሠራ በኋላም አንድ ነገር ለውጠው ምን እንደሚሆን አስቀድመው ይገምቱ። የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ለአንድ ማስታወሻ ናቸው፦ ነገ የሚጀመርበትን መስመር በግልጽ ይጻፉ። «ሉፕ እቀጥላለሁ» አይበቃም፤ «ደቂቃው ከ0 በታች ሲሆን እንደገና የሚጠይቀውን ክፍል እጽፋለሁ» ይበቃል።

ሰዓቱም ከነበረ ልማድ ጋር ይያያዝ። ፒተር ጎልቪትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር በ1999 ባቀረበው ሥራ «ይህ ሲሆን ያን አደርጋለሁ» ተብሎ የተወሰነ ዕቅድ ከደፈናው ፍላጎት ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። «ማታ አጠናለሁ» ከማለት «እራት በልቼ ሳህኑን እንዳነሣሁ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ» ማለት የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ኤረርን (የስሕተት መልእክትን) ማንበብ

ጀማሪውን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ቀዩ ጽሑፍ ነው። ነገር ግን ያ ጽሑፍ ፕሮግራሙ የት እንደቆመና ለምን እንደቆመ የሚነግር መረጃ ነው። በፓይተን ከታች ወደ ላይ ይነበባል፦ የመጨረሻው መስመር የስሕተቱን ዓይነት ይናገራል፣ ከእሱ በላይ ያለው የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ይሰጣል። «ኔምኤረር» ካለ ብዙውን ጊዜ ስም በተሳሳተ ፊደል ተጽፏል ወይም ገና አልተሰየመም፤ «ኢንደንቴሽንኤረር» ካለ የመስመሩ መነሻ ክፍተት ተዛብቷል።

የጥናት መዝገቡን በ7ኛው ሳምንት ወደ ፋይል ሲያዛውሩ ሊያጋጥም የሚችል አንድ ምሳሌ እንይ። ትናንት በትክክል ይደምር የነበረው ፈንክሽን ዛሬ «ታይፕኤረር» ብሎ ይቆማል፤ የመጨረሻው መስመርም ሙሉ ቁጥርና ጽሑፍ መደመር አይቻልም ይላል። የተጠቆመው መስመር ላይ ደቂቃው ወደ ድምሩ ይጨመራል፤ ድምሩ ከ0 ስለጀመረ ቁጥር መሆኑ ግልጽ ነው። እንግዲያው ጽሑፉ ደቂቃው ነው ማለት ነው። ለማረጋገጥ ከዚያ መስመር በፊት የደቂቃውን ዓይነት ያሳትሙ፤ በእርግጥም ጽሑፍ ሆኖ ይገኛል። ከኪቦርድ ሲገባ ወደ ቁጥር የተቀየረ ቢሆንም ፋይል ላይ ሲጻፍ ተመልሶ ጽሑፍ ሆኗል፤ ስለዚህ ሲነበብ እንደገና መቀየር አለበት። የዚህ ፍለጋ አካሄድ ለሌሎችም ስሕተቶች ያገለግላል፦ መልእክቱን ማንበብ፣ ተጠርጣሪውን መለየት፣ ግምትን በማተም ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ኮዱን መንካት። ሳያረጋግጡ አምስት ቦታ መነካካት የመጀመሪያውን ስሕተት ከሌሎች አራት ጋር ያደባልቀዋል።

ግማሽ ሰዓት ሞክረው ካልወጣልዎት ይጠይቁ። ሲጠይቁ ስሕተቱን የሚያሳየውን ትንሹን የኮድ ክፍል፣ የኤረሩን ሙሉ መልእክት፣ ምን ጠብቀው ምን እንዳገኙ፣ እስካሁንም ምን እንደሞከሩ አብረው ይጻፉ። ጥያቄውን በዚህ መልክ ሲያዘጋጁ መልሱ ከመላኩ በፊት ብቅ የሚልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በጀማሪው እጅ ገብተዋል። መከልከል አያስፈልግም፤ ድንበር ማበጀት ግን ግድ ነው። የኤረር ትርጉም እንዲያብራሩ፣ የጻፉትን ኮድ እንዲተቹ፣ የልምምድ ጥያቄ እንዲያወጡ ይጠይቋቸው። የፕሮጀክቱን ኮድ እንዲጽፉልዎ ግን አይጠይቁ፤ ምክንያቱም በዚህ ዙር የሚፈለገው ፕሮግራሙ ሳይሆን ፕሮግራሙን መጻፍ የሚችለው ሰው ነው። ከእነሱ የተወሰደ ነገር ካለ መስኮቱን ዘግተው በራስዎ እንደገና ይጻፉት፤ መጻፍ ካቃተዎት ገና አልተማሩትም።

ደረጃ 8፦ ፍላጎት ሲቀንስ

ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜም የሚቀንሰው የመጀመሪያው ጉጉት አልፎ ትምህርቱ በሚከብድበት በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ አስቀድሞ ማወቁ ራሱ ይረዳል፣ ምክንያቱም ተማሪው ችግሩን ከራሱ ችሎታ ሳይሆን ከትምህርቱ ቦታ ጋር ያያይዘዋል። ለእንዲህ ያሉ ቀናት ዝቅተኛ መጠን ይወስኑ፦ 10 ደቂቃ፣ አንድ ባዶ ፋይል፣ ከትዝታ የተጻፈ አንድ ትንሽ ኮድ። ከዚያ በኋላ መነሣት ይፈቀዳል።

አንድ ቀን ከተዘለለ በማግስቱ ሁለት ሰዓት ልካስ አይበሉ፤ ዕዳ የሆነ ጥናት ደግሞ ይዘለላል። በማስታወሻዎ ላይ ከተጻፈው መስመር ይቀጥሉ። አንድ ሳምንት ሙሉ ከጠፋም 12ቱን ሳምንታት ከመጀመሪያው አይጀምሩ፤ ያለፈውን የመጨረሻ ኮድ ከትዝታ ለመጻፍ ይሞክሩ፣ የጠፋው ክፍል የቱ እንደሆነ ወዲያው ይታያል፣ እሱን ብቻ ይከልሱ።

ራስን ከሌሎች ጋር ማወዳደር በዚህ መስክ በተለይ አሳሳች ነው፤ ሰው የሚያሳየው የሠራውን ፕሮግራም እንጂ ከዚያ በፊት የጣላቸውን አይደለምና። የሚጠቅመው ንጽጽር ከገዛ ኮድ ጋር የሚደረገው ነው። በ2ኛው ሳምንት የጻፉትን ፋይል በ8ኛው ሳምንት ይክፈቱት፤ የሚያሳፍሩ የቫሪያብል ስሞችና ሦስት ጊዜ የተደገመ ተመሳሳይ መስመር ካዩ፣ ያ መማርዎን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። የጥናት መዝገብዎም በዚህ ጊዜ የሚናገረው ይኖረዋል፦ «ምንም አልሠራሁም» የሚል ስሜት ሲመጣ ድምሩን ከፍተው ይመልከቱት። የሚቻል ከሆነ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ የሠሩትን የሚያሳዩት አንድ ሰው ይኑር፤ ፕሮግራመር መሆን የለበትም፣ ፕሮግራሙን ሲሠራ ማየት ከቻለ ይበቃል።

ደረጃ 9፦ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ

የሚቀጥለው ዙር አቅጣጫ ከፕሮጀክቱ ይወሰዳል። መዝገቡን ሲሠሩ ይበልጥ የሳበዎት ቁጥሮቹን መደርደርና ማወዳደር ከነበረ ወደ ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) እና ወደ ፓንዳስ (የፓይተን የዳታ መተንተኛ) ይሂዱ፤ መዝገቡን ከፋይል ኤስኪውላይት ወደተባለው ትንሽ ዳታቤዝ (የተደራጀ የመረጃ ማከማቻ) ማዛወር ጥሩ መነሻ ነው። ሌሎች ሰዎች በብራውዘር እንዲጠቀሙበት ከፈለጉ ኤችቲኤምኤልን ይጨምሩና ፍላስክ በተባለው ትንሽ ፍሬምወርክ (ለድረ ገጽ ሥራ የተዘጋጀ የኮድ ማዕቀፍ) ይሞክሩት፤ ሌላው ፍሬምወርክ ጃንጎ ሰፊ ስለሆነ ከፍላስክ በኋላ ቢመጣ ይቀላል። ገጹ እንዲያምር መልፋቱ ካስደሰተዎት ጃቫስክሪፕትን የሚማሩበት ጊዜ ደርሷል፤ ሉፕና ፈንክሽን አዲስ ስለማይሆኑብዎት ከፓይተን ባነሰ ጊዜ ይገባዎታል። የትኛውንም ቢመርጡ አዲሱን ዙር ከደረጃ 1 ይጀምሩ፤ በመዝገቡ ውስጥ ያለው የ12 ሳምንት ድምርም በቀን በእርግጥ ስንት ደቂቃ ማግኘት እንደሚችሉ ስለሚያሳይ የሚቀጥለውን ዕቅድ በምኞት ሳይሆን በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርተው ያውጡት።